አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፦ በጨዋታ መረቦች ላይ ስለሚፈጸም ጥቃት የቀረበ ትምህርት

በዚህ እትም ለጥናት የመረጥነው ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። የቪዲዮ ጨዋታ የልጆች ጊዜ ማሳለፊያ ነው፤ የግብረ ገብ ትምህርት ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ሊኖር ይችላል። ይሁን እንጂ ወጣቶቻችን በየዕለቱ የሚነጋገሩበት፣ ወላጆችና መምህራን ግን ብዙውን ጊዜ በሩቁ ብቻ የሚያዩት ዓለም በመሆኑ፣ በውስጡ የተነሣውን አንድ ከባድ የኅሊና ጥያቄ አብረን ልንመረምረው ወደድን። ጥያቄው የሚከተለው ነው፦ አንድ ሰው ወይም አንድ ቡድን በኃይለኛ ድርጅት ተበድያለሁ ብሎ ሲነሣ፣ በጠቡ ውስጥ ድርሻ የሌላቸውን ሰዎች የሚጎዳ መንገድ ሊመርጥ ይገባዋልን?

አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ሲሉ የተረቱት እንዲህ ላለው ሥራ ነው። ባለ ጉዳዩን መድረስ ያቃተው ሰው ቁጣውን በቀረበው ነገር ላይ ያወርዳል። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ታሪክ ግን ከተረቱ በአንድ ነገር ይለያል፤ እዚህ የተመታው ዳውላ ሳይሆን ሰው ነው። ነገሩን በሥርዓት ለመረዳት አስቀድመን የጥቃቱን ጠባይ፣ ቀጥለን በ2011 እና በ2014 የተፈጸሙትን ሁለት ታላላቅ ሁኔታዎች፣ በመጨረሻም ከዚህ ልንወስደው የሚገባንን ትምህርት እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት፣ ለይተን ካልጠቀስን በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. የጥቃቱ ጠባይ

በከተሞቻችን «ፕሌይስቴሽን ቤት» የሚባለውን ክፍል የማያውቅ ወጣት የለም ለማለት ይቻላል። ልጆች ለየጨዋታው እየከፈሉ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው የእግር ኳስ ግጥሚያ ያደርጋሉ። በዚያ ቤት ተጋጣሚው በዓይን የሚታይ የሠፈር ልጅ ነው፤ መብራት ካልጠፋ በቀር ጨዋታውን የሚያቋርጠው ነገር እምብዛም አይኖርም። በሌሎች አገሮች ግን ይኸው መሣሪያ በኢንተርኔት አማካይነት ከኩባንያው ታላላቅ ኮምፒዩተሮች፣ ማለትም ከሰርቨሮች ጋር ተያይዞ ይሠራል። በውጭ አገር የሚያድጉ የወገኖቻችን ልጆችም የሚያውቁት ይህንኑ ነው። ተጫዋቹ በስሙ አካውንት ይከፍታል፤ የልደት ቀኑንና አድራሻውን፣ ብዙ ጊዜም የክሬዲት ካርዱን ቁጥር ያስመዘግባል። ጨዋታ የሚገዛው፣ ወዳጆቹን የሚያገኘው፣ በሌላ ክፍለ ዓለም ከሚኖር ሰው ጋር የሚጋጠመው በዚያው መረብ ነው። ስለዚህ ኩባንያው የጨዋታ ሻጭ ብቻ መሆኑ ቀርቶ፣ የሰዎች ስም፣ ገንዘብና ግንኙነት ባለ አደራ ሆኗል ማለት ነው።

በእንዲህ ያለ መረብ ላይ የሚፈጸመው ጥቃት በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው በር መዝጋት ሲሆን ባለሙያዎች «ዲዶስ» ይሉታል። አሠራሩን በምሳሌ ለመግለጽ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ በር ላይ ምንም ሕመም የሌለባቸው አንድ ሺህ ሰዎች በአንድ ጊዜ ተራ ቢይዙና እያንዳንዳቸው ከንቱ ጥያቄ ይዘው ወደ ሐኪሙ ቢገቡ፣ ከግቢው አንዳች ዕቃ ባይሰረቅም እውነተኛው ሕመምተኛ ሳይታከም ይመለሳል። እንዲሁ ደግሞ ብዛት ያላቸው ኮምፒዩተሮች በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ሰርቨር ጥያቄ ሲያጎርፉበት፣ ሰርቨሩ ለትክክለኛው ደንበኛ መልስ መስጠት ይሳነዋል። በዚህ ሥራ ላይ ከሚውሉት ኮምፒዩተሮች ብዙዎቹ ባለቤቶቻቸው ሳያውቁ በሌላ ሰው ቁጥጥር ሥር የወደቁ ናቸው።

ሁለተኛው ሰብሮ መግባት ነው። አጥቂው በሰርቨሩ ውስጥ ያለውን ድክመት ፈልጎ ይገባል፤ በአደራ የተቀመጠውን መዝገብም ይቀዳል። በር መዝጋት አገልግሎትን ሲከለክል፣ ሰብሮ መግባት ንብረትንና ምሥጢርን ይወስዳል።

እነዚህን ድርጊቶች ገንዘብ ለማግኘት የሚፈጽሙ አሉ፤ ስለ አንድ ማኅበራዊ ወይም ፖለቲካዊ ዓላማ የምንታገል ነን ብለው የሚፈጽሙም አሉ። እነዚህ ሁለተኞቹ «ሀክቲቪስት» በሚል ስም ይጠራሉ፤ ቃሉ ሀከርንና አክቲቪስትን ያጣመረ ነው። የእኛ ጥያቄ በተለይ የሚመለከተው እነርሱን ነው፤ ምክንያቱም ሌባው ሌብነቱን በስውር ይሠራል እንጂ ጽድቅ ነው አይለንም፤ እነርሱ ግን ስለ ፍትሕ እንሠራለን ይላሉ።

2. ክርክሩ እንዴት ተጀመረ?

የጃፓኑ የሶኒ ኩባንያ ሦስተኛውን ፕሌይስቴሽን በ2006 ለገበያ ሲያቀርብ፣ ገዢው ከፈለገ በመሣሪያው ላይ ሊኑክስ የተባለውን ሥርዓት ጭኖ እንደ ተራ ኮምፒዩተር እንዲሠራበት ፈቅዶ ነበር። ይህ ፈቃድ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አልነበረም፤ የአሜሪካ አየር ኃይል ከ1,700 በላይ የሚሆኑ እነዚህን መሣሪያዎች አያይዞ ለምርምር የሚያገለግል ታላቅ የስሌት ማሽን ሠርቶባቸዋል። ነገር ግን ኩባንያው ለደኅንነት ሲባል በሚል ምክንያት ኤፕሪል 1 ቀን 2010 ባወጣው ማሻሻያ ይህን ፈቃድ አነሣ። ማሻሻያውን አልቀበልም ያለ ባለ መሣሪያ በመረቡ መጫወት አይችልም ነበር። ሰዎች ገንዘብ ከፍለው ከገዙት ነገር ከፊሉ፣ ከተሸጠላቸው በኋላ ተወሰደባቸው። ስለዚህ ቅሬታው መሠረት ያለው መሆኑን መቀበል ይገባል።

በጃንዋሪ 2011 ጆርጅ ሆትዝ የተባለ የ21 ዓመት አሜሪካዊ ወጣት መሣሪያውን ቆልፎ የሚጠብቀውን የምሥጢር ቁልፍ ለሕዝብ ይፋ አደረገ። ኩባንያው ይህ ለተሰረቁ ጨዋታዎች በር ይከፍታል በማለት በካሊፎርኒያ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰው። ፍርድ ቤቱ የወጣቱን ድረ ገጽ የጎበኙ ሰዎችን የኢንተርኔት አድራሻ ኩባንያው እንዲያገኝ መፍቀዱ የብዙዎችን ቁጣ አነሣሣ።

በዚህ ጊዜ «አኖኒመስ»፣ ማለትም «ስም የለሽ» በሚል መጠሪያ የሚታወቀው የሀክቲቪስቶች ስብስብ በኩባንያው ላይ ዘመቻ ማካሄዱን አስታወቀ። በኤፕሪል 2011 መጀመሪያ ላይ የኩባንያው ድረ ገጾችና የጨዋታው መረብ በዲዶስ ጥቃት ተጨናነቁ። ወዲያውም ከተጫዋቾች ዘንድ ብርቱ ተቃውሞ ተሰማ። በኩባንያው የተከፉት ተጫዋቾች ራሳቸው፣ ስለ እኛ እንታገላለን የሚሉት ሰዎች በሩን በእኛው ላይ ዘጉብን አሉ። አኖኒመስም በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ የጨዋታውን መረብ ማጥቃት መልካም ሐሳብ እንዳልሆነ ገልጦ፣ ደንበኞችን እጅግ የማይጎዳ ሌላ መንገድ እስኪገኝ ድረስ በመረቡ ላይ ያነጣጠረውን ጥቃት ማቆሙን አስታወቀ።

ውድ አንባብያን፣ ይህን መግለጫ ልብ ብለን እንመልከተው። በጥቃቱ ላይ የተሰጠው የመጀመሪያው ፍርድ የመጣው ከኩባንያው ወይም ከዳኛ አይደለም፤ ከአጥቂዎቹ ከራሳቸው ነው። ኅሊና ዘግይቶም ቢሆን ተናግሯል። ነገር ግን የተከፈተው በር በመግለጫ ብቻ የሚዘጋ አልሆነም።

3. ተራው ተጫዋች የከፈለው ዋጋ

ኤፕሪል 11 ቀን 2011 ኩባንያውና ወጣቱ ሆትዝ በስምምነት ጉዳያቸውን መጨረሳቸው ተነገረ። ባለ ጉዳዮቹ ታረቁ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ከኤፕሪል 17 እስከ 19 ባሉት ቀናት ውስጥ ያልታወቁ ሰዎች የመረቡን ሰርቨሮች ሰብረው ገቡ። ኩባንያው ኤፕሪል 20 ቀን መረቡን በሙሉ ዘጋ። በዚያ ዓመት የምሥራቁና የምዕራቡ ፋሲካ በአንድ ቀን፣ ኤፕሪል 24 ቀን ስለ ዋለ፣ መረቡ የተዘጋበት ዕለት የሰሙነ ሕማማት ረቡዕ ነበር። በብዙ አገሮች ተማሪዎች ለፋሲካ ዕረፍት በቤታቸው የሚሰበሰቡበት ሰሞን ነው።

ተጫዋቾቹ ስድስት ቀን ሙሉ ምን እንደ ደረሰባቸው በውል አላወቁም። ኩባንያው ኤፕሪል 26 ቀን በሰጠው መግለጫ ወደ 77 ሚሊዮን የሚጠጉ አካውንቶች መዝገብ መነካቱን ገለጠ። በመዝገቡ ውስጥ ስም፣ አድራሻ፣ የልደት ቀን፣ የኢሜይል አድራሻና የይለፍ ቃል ነበረ፤ የክሬዲት ካርድ ቁጥርም አልተወሰደም ብሎ ማረጋገጥ እንደማይችል ኩባንያው ተናገረ። ሜይ 2 ቀን ደግሞ በሌላው የኩባንያው የጨዋታ ክፍል 24.6 ሚሊዮን የሚሆኑ ተጨማሪ አካውንቶች መነካታቸው ተገለጠ፤ በዚያ ከተገኙት ውስጥ ከ2007 ጀምሮ ሳይጠፋ የተቀመጠ አሮጌ የካርድ መዝገብ ነበረበት።

እስቲ ይህን ቁጥር ወደ ሰው እንመልሰው። ልጇ በልደቱ ቀን ጨዋታ እንዲገዛ ካርዷን ያስመዘገበች እናት ወደ ባንኳ መደወልና ሒሳቧን በየዕለቱ መመርመር ግድ ሆነባት። ለኢሜይሉም ለባንኩም አንድ ዓይነት የይለፍ ቃል ይጠቀም የነበረ ሰው ሁሉንም መለወጥ ነበረበት። የልደት ቀን ግን እንደ ይለፍ ቃል አይለወጥም፤ አንድ ጊዜ ከወጣ ወጣ ነው። ሌላው ቀርቶ ብቻቸውን ለሚጫወት ሰው የተሠሩ አንዳንድ ጨዋታዎች፣ ካፕኮም የተባለው ድርጅት ያወጣቸው ሁለት ጨዋታዎች ለምሳሌ፣ ከመረቡ ፈቃድ ካላገኙ የማይከፈቱ ስለ ነበሩ፣ ገንዘባቸውን የከፈሉ ሰዎች በገዛ ቤታቸው ሊጫወቱባቸው አልቻሉም። ከመዘጋቱ አንድ ቀን በፊት፣ ኤፕሪል 19፣ በአሜሪካ ለገበያ የወጣው ሶኮም 4 የተባለው ጨዋታ ዋና ጣዕሙ በመረብ መጋጠም ነበር፤ ገዢዎቹ ጨዋታውን ቤታቸው ባስገቡ ማግስት መረቡ ጠፋ። በእነዚህ ጨዋታዎች ላይ ለዓመታት የደከሙ ሠራተኞችም ከክርክሩ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበራቸውም።

በአሜሪካና በአውሮፓ መረቡ ቀስ በቀስ መከፈት የጀመረው በሜይ ወር አጋማሽ፣ ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ በኋላ ነው፤ በጃፓን ደግሞ እስከ ወሩ መጨረሻ ዘግይቷል። ኩባንያው ጉዳቱን ወደ 14 ቢሊዮን የን፣ ማለትም ወደ 171 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገምቶታል። ለተጫዋቾችም በካሣ መልክ ነፃ ጨዋታዎችን ሰጠ።

ሰብረው የገቡት እነማን እንደሆኑ ለሕዝብ ተረጋግጦ አልተነገረም። አኖኒመስ በስብስቡ ስም የተሠራ ሥራ አይደለም ሲል ካደ፤ ኩባንያው በበኩሉ የስብስቡን ስምና መፈክር የያዘ ፋይል በሰርቨሩ ውስጥ ማግኘቱን ለአሜሪካ ምክር ቤት በጻፈው ደብዳቤ ገለጠ። በዚያው ደብዳቤ ውስጥ ለትምህርታችን እጅግ የሚጠቅም አንድ ነጥብ አለ። የደኅንነት ሠራተኞቹ የዲዶሱን ጥቃት ለመከላከል ተጠምደው ስለ ነበር ሰርጎ ገቡን ቶሎ ለማየት እንደ ተቸገሩ ኩባንያው ይናገራል፤ በዲዶሱ የተካፈሉት ሰዎችም ወይ የሌባው ተባባሪዎች ነበሩ፣ ወይም ሳያውቁ ለሌባው መጋረጃ ሆነውለታል ይላል። ይህ ቃል የተከሳሽ ወገን ቃል መሆኑን አንርሳ፤ ነገር ግን የሚያስተምረው ነገር ግልጽ ነው። ሁከት ያስነሣ ሰው በሁከቱ ውስጥ ማን እንደሚሠራ ሊወስን አይችልም። በገበያ መካከል እሳት የሚለኩስ ሰው «እኔ ለማስጠንቀቅ ብዬ ነው» ቢል፣ በጭሱ ተሸፍኖ የሚዘርፈውን ሊያግደው አይችልም።

4. ዓላማው ሲጠፋ መንገዱ ብቻ ይቀራል

በ2011 ቢያንስ የሚነገር ቅሬታ ነበረ። መንገዱ ግን አንድ ጊዜ ከታወቀ በኋላ ዓላማ የሌላቸውም ይማሩታል። በ2013 መጨረሻ አንድ የዩታ ግዛት ነዋሪ የጨዋታ ኩባንያዎችን ሰርቨሮች በዲዶስ ማጥቃት ጀመረ፤ የሰዎችን የበዓል ሰሞን ማበላሸትን እንደ ጨዋታ ቆጥሮት ነበር። በ2019 የ27 ወር እስራት ተፈረደበት፤ 95,000 ዶላር ካሣ እንዲከፍልም ተወሰነ።

በ2014 «ሊዛርድ ስኳድ» የተባለ ቡድን ተነሣ። በኦገስት ወር የጨዋታ መረቦችን ካጠቃ በኋላ፣ የአንድ ጨዋታ ድርጅት ኃላፊ በተሳፈረበት አውሮፕላን ውስጥ ፈንጂ አለ የሚል ማስፈራሪያ በትዊተር አሰራጨ። አውሮፕላኑ መንገዱን ቀይሮ በፊኒክስ ከተማ አረፈ። ከመረብ መዝጋት ተነሥቶ መንገደኞችን እስከ ማሸበር ለመድረስ የፈጀበት ጊዜ ረጅም አልነበረም።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር 25፣ በምዕራባውያኑ የልደት በዓል ቀን፣ ይኸው ቡድን የሶኒንና የማይክሮሶፍትን የጨዋታ መረቦች በአንድነት ዘጋ። ቀኑ ሳይታሰብ የተመረጠ አልነበረም። በዚያ ዕለት ስጦታቸውን የፈቱ ልጆች መሣሪያውን ለማስመዝገብና ማሻሻያውን ለማውረድ መረቡን ይፈልጋሉ፤ ተራራቀው የሚኖሩ ወንድማማቾች በመረቡ አብረው ለመጫወት ቀጠሮ ይይዛሉ። የማይክሮሶፍቱ መረብ በማግስቱ አብዛኛው ሲመለስ፣ የሶኒው ከዚያ የበለጠ ጊዜ ወሰደ። የቡድኑ አባላት ነን ያሉ ሰዎች የኩባንያዎቹን የጥበቃ ድክመት ለማሳየት እንዳደረጉት ተናገሩ፤ መሳቂያም እንደ ሆነላቸው አልሸሸጉም።

እውነተኛው ዓላማ ግን በቀናት ውስጥ ተገለጠ። ቡድኑ በዚያው ወር መጨረሻ፣ ማንም ሰው በወር ከ6 ዶላር ባነሰ ክፍያ የፈለገውን ሰርቨር እንዲያጠቃ የሚያስችል አገልግሎት ለሽያጭ አቀረበ። የበዓሉ ጥቃት ለሸቀጡ ማስታወቂያ ሆኖ አገለገለ። የጥቃቱም ጉልበት ከየሰዉ ቤት የመጣ ነበር፤ ባለቤቶቻቸው የመጀመሪያውን የይለፍ ቃል ሳይለውጡ የተዉአቸው ራውተሮች፣ ማለትም ኢንተርኔትን ለቤት የሚያከፋፍሉት ትንንሽ ሣጥኖች፣ በስውር ተይዘው ነበር። በኦገስት 2015 የብሪታንያ ፖሊስ ይህን አገልግሎት ገዝተዋል ብሎ የጠረጠራቸውን ስድስት ልጆች ያዘ፤ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 18 ዓመት ነበር። ከተጠቁት መካከል የጨዋታ ድርጅቶች ብቻ ሳይሆኑ አንድ ትምህርት ቤትም ይገኝ ነበር።

5. በኅሊና ሚዛን

የግብረ ገብ ትምህርታችን አንድን ድርጊት ሲመዝን ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፦ የተደረገው ነገር በራሱ ምንድን ነው? አድራጊው ምን አስቦ አደረገው? ሁኔታውና ውጤቱስ ምን ይመስላል? ከሦስቱ አንዱ ብቻውን መልካም መሆኑ ድርጊቱን መልካም አያደርገውም።

ሐሳቡን በተመለከተ፣ በ2011 የተነሡት ሰዎች ሁሉ ክፉ ልብ ነበራቸው ልንል አንችልም። ሰው የገዛውን ነገር እንደ ልቡ የመጠቀም መብቱ ይከበር ማለት ተገቢ ጥያቄ ነው። ድርጊቱ በራሱ ሲታይ ግን፣ የሌላ ሰው የሆነን ነገር ያለ ፈቃዱ መከልከል ነው። ውጤቱን ስንመረምር ደግሞ ከሁሉ የከበደውን እናገኛለን፤ ዋጋውን የከፈሉት በክርክሩ ውስጥ ድምፅ ያልነበራቸው ሰዎች ናቸው። ኩባንያው ጠበቆች፣ ባለሙያዎችና የገንዘብ ክምችት አሉት፤ ሦስት ሳምንት መታገሥ ይችላል። ካርዷን ያስመዘገበችው እናት ግን ጠበቃ የላትም።

በዚህ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ሊቀርቡ ይችላሉ።

የመጀመሪያው «ጨዋታ ብቻ ነው፤ ማን ሞተ?» የሚል ነው። የበደል መጠን እንደሚለያይ እናምናለን፤ የጨዋታ መረብ መዝጋት ሆስፒታል ከመዝጋት ጋር እኩል አይደለም። ነገር ግን የአንድ ነገር ክብደት ለእኛ ትንሽ መስሎ መታየቱ የሌላውን ሰው ድርሻ ለመውሰድ ፈቃድ አይሰጠንም። በአልጋ ላይ ለዋለ ሕመምተኛ፣ ከቤቱ ርቆ ለሚያገለግል ወታደር፣ በአዲስ አገር ጓደኛ ላላገኘ ስደተኛ ልጅ፣ ያ መረብ የዕለቱ ብቸኛ ጭውውት ሊሆን ይችላል። ደግሞም የተዘረፈው የሰዎች ስምና አድራሻ ጨዋታ አይደለም።

ሁለተኛው «ሥራ ማቆምና ዕቃ አለመግዛትስ ሌላውን አይጎዳምን?» የሚል ነው። ይህ ጠንካራ ጥያቄ ስለሆነ በጥንቃቄ እንመልሰው። ሥራ የሚያቆም ሰው የገዛ ድካሙን ይከለክላል፤ ዕቃ አልገዛም የሚል የገዛ ገንዘቡን ይይዛል፤ ሁለቱም ከጉዳቱ የራሳቸውን ድርሻ ይሸከማሉ፤ ፊታቸውንም ያሳያሉ። ዲዶስ የሚያደርስ ሰው ግን የሚከለክለው የራሱን ሳይሆን የሌላውን ነው፤ ከጉዳቱም አንዳች አይሸከምም። አኖኒመስ ራሱ ለኤፕሪል 16 ቀን 2011 በሶኒ መደብሮች ፊት ለፊት ተቃውሞ እንዲደረግ ጠርቶ ነበር፤ ይህ ትክክለኛ መንገድ ነበር፤ የወጣው ሰው ግን ጥቂት ሆነ። በሌላ በኩል የሊኑክስ ፈቃድ የተነሣባቸው የአሜሪካ ገዢዎች ጉዳያቸውን ወደ ፍርድ ቤት ወስደው ለዓመታት ተከራከሩ፤ ኩባንያውም በመጨረሻ በ2018 በጸደቀው ስምምነት 3.75 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ገንዘቡ ብዙ አልነበረም፤ መንገዱም ረጅም ነበር። ነገር ግን ማንንም ከቤቱ በር ሳይመልስ፣ የበደለውን ወገን ብቻ ተጠያቂ አድርጎ ተፈጸመ።

ሦስተኛው «ኩባንያው ራሱ ጥፋተኛ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ይህን በሚቀጥለው ክፍል እንመለከታለን። የባለ አደራው ቸልተኝነት ግን የሰባሪውን ጥፋት አያጥበውም። በሩን ሳይቆልፍ የተኛ ዘበኛ ይወቀሳል፤ ሌባውም ሌባ መሆኑ አይቀርም።

6. የባለ አደራው ዕዳ

ሜይ 1 ቀን 2011 በቶኪዮ የኩባንያው ከፍተኛ ባለ ሥልጣን ካዙኦ ሂራይ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በጋዜጠኞች ፊት ቆሞ፣ በአገሩ ልማድ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታ መጠየቅ መልካም ነው፤ አደራ ግን ከዚያ በፊት ይጀምራል። የብሪታንያ የመረጃ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ጉዳዩን መርምሮ በጃንዋሪ 2013 ኩባንያውን 250,000 ፓውንድ ቀጣ፤ የሰርቨሮቹ ፕሮግራሞች በጊዜው ቢታደሱ ኖሮ ጥቃቱን መከላከል ይቻል እንደ ነበር አስታወቀ።

ከዚህ ለሁላችንም የሚሆን ትምህርት አለ። የሰውን ስምና ምሥጢር የሚሰበስብ ማንኛውም ተቋም፣ ትልቅ ኩባንያም ይሁን ትንሽ ማኅበር፣ የማያስፈልገውን እንዳይሰበስብ፣ ጊዜው ያለፈበትን እንዳያከማች፣ የያዘውንም እንዲጠብቅ ግዴታ አለበት። የቁምስና ጽሕፈት ቤቶቻችን በኮምፒዩተር የሚይዙአቸው የቤተ ሰብ መዛግብትም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደሉም።

7. ፊት የሌለው ብዛት

አኖኒመስ ከሚታወቅባቸው መፈክሮች አንዱ ስብስቡ «ሌጌዎን» መሆኑን የሚናገር ነው። ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህ ቃል እንግዳ አይደለም፤ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ውስጥ በመቃብር ይኖር የነበረውን ሰው የያዙት መናፍስት ስማቸውን ሲጠየቁ የሰጡት መልስ ይኸው የጦር ሠራዊት ስም ነው። መፈክሩን የመረጡት ብዛታቸውንና ኃይላቸውን ለመግለጽ ሊሆን ይችላል። እኛ ግን በወንጌሉ ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር እናስተውላለን፤ ስም ተጠይቆ በስም ፋንታ ቁጥር የሚመልስ፣ ተጠያቂ የሚሆን አንድ ሰው አላቀረበም።

በብዛት ውስጥ የኃላፊነት ስሜት ይሟሟል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» እንዲሉ፣ አንድ ሰው ብቻውን ሊሸከመው የማይደፍረው በደል ለሺህ ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ ቀላል ጌጥ መስሎ ይታያል። ወጣቱ በክፍሉ ተቀምጦ አንድ ቁልፍ ይጫናል፤ «የእኔ አንዲት ጥያቄ ምን ትጎዳለች?» ይላል። ተረቱ ለመረዳዳት የተነገረ ሲሆን፣ እዚህ ግን ለክፉ ዋለ። ሰው ሁሉ ስለ ሎሚው እንጂ ስለ ጠቅላላው ሸክም አልጠየቀም።

ስምን መሸሸግ ሁልጊዜ ክፉ ነው አንልም። በጨካኝ ሥልጣን ፊት እውነት የሚናገር ምስክር ስሙን ሊሸሽግ ይችላል። መለያው ይህ ነው፦ ምስክሩ ስሙን የሚሸሽገው እንዳይጎዳ ነው፤ አጥቂው የሚሸሽገው የጎዳቸው ሰዎች እንዳይጠይቁት ነው።

8. በቤትና በትምህርት ክፍል

ከዚህ ጥናት በመነሣት ለወላጆችና ለመምህራን ጥቂት ምክሮችን እናቀርባለን።

ሀ) ልጆችን አንነቅፋቸው፤ እንጠይቃቸው። በጨዋታው መረብ ውስጥ ከማን ጋር እንደሚገናኙ፣ ሲሸነፉ ምን እንደሚሰማቸው እንስማ። ተጋጣሚን ከመረብ ለማስወጣት የዲዶስ አገልግሎት የሚገዙ ልጆች መኖራቸውን ከላይ አይተናል፤ ንዴት የመጀመሪያው ደረጃ ነው።

ለ) ለእያንዳንዱ አካውንት የተለየ የይለፍ ቃል እንዲኖር፣ ከተቻለም በስልክ የሚላክ ሁለተኛ ማረጋገጫ እንዲጨመር እናድርግ። በቤታችን ያለውን ራውተር የመጀመሪያ የይለፍ ቃል እንለውጥ፤ ያለዚያ ሳናውቅ በሌላው ሰው በር ላይ ከሚሰለፉት ሺህ ሰዎች አንዱ እንሆናለን።

ሐ) ሕጉን እናሳውቃቸው። በአገራችን በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትንም ሆነ የሥርዓቱን አገልግሎት ማሰናከልን በወንጀል ይቀጣል። «ለቀልድ ነው» የሚለው ቃል በፍርድ ቤት መከላከያ አይሆንም።

መ) ችሎታ ያለውን ወጣት ወደ በጎ ሥራ እንምራው። የመረብን ድክመት ማየት ስጦታ ነው፤ ድክመቱን ለባለቤቱ በምሥጢር ነግሮ እንዲጠገን ማድረግ በብዙ ኩባንያዎች ዘንድ ሽልማት የሚያሰጥ የተከበረ ሙያ ሆኗል።

ማጠቃለያ

ፍትሕን መፈለግ ተገቢ ነው፤ ከኃይለኛው ጋር መከራከርም ድፍረት ነው። ነገር ግን የክርክሩን ዋጋ ለመክፈል ያልተስማማውን ሰው አስገድዶ ማስከፈል ፍትሕ ሊባል አይችልም። ስለ ተጫዋቾች ተነሥተናል ያሉት ሰዎች መረቡን በተጫዋቾቹ ላይ ዘጉት፤ ድርጅቱ ካሣውን ከሒሳቡ ከፍሎ ቀጠለ፤ የሰዎቹ ስምና የልደት ቀን ግን ወደ ባለቤቱ አልተመለሰም። ስለዚህ በማናቸውም ጠብ፣ በመረብም ይሁን በቤተ ሰብ፣ በሥራ ቦታም ይሁን በማኅበር፣ እጃችንን ከማንሣታችን በፊት «ይህን የሚከፍለው ማን ነው?» ብለን እንጠይቅ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. አኖኒመስ በመረቡ ላይ ያደርስ የነበረውን ጥቃት በራሱ ፈቃድ ማቆሙ ስለ ኅሊና ምን ያስተምረናል?
2. ዕቃ ባለመግዛት በሚደረግ ተቃውሞና መረብ በመዝጋት መካከል ያለውን ልዩነት በራሳችሁ ምሳሌ አስረዱ።
3. በማኅበራችን ወይም በሠፈራችን፣ ከአንድ ሰው ጋር የተጣላን ሰዎች ቁጣችንን በሌላ ሰው ላይ ያወረድንበት ጊዜ አለን? የተጎዳውን ሰው እንዴት ልንክሰው እንችላለን?
4. ቁምስናችን የምእመናንን መዝገብ እንዴት ይጠብቃል? ምን መሻሻል ይገባዋል?